ገዢ የሌለበት አዳራሽ

ወይዘሮ ሙሉእመቤት አንድ ልጃቸውን ኖህን አዲሱ ገበያ መንገድ ዳር ድንገት አዩት፤ አይተውም እንዳላዩ ሆኑ። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ያለ ነገር አደርጋለሁ ብለው በሕልማቸውም አስበው አያውቁም። ባለቤታቸው ከሞቱ ጀምሮ ሽሮ ሜዳ ላይ የአበሻ ቀሚስና ነጠላ እየሸጡ ያሳደጉት፣ ዩኒቨርሲቲ ያስገቡት፣ ሲመረቅ ድንኳን ጥለው ሰፈሩን ሁሉ ያበሉለት ልጅ ነው።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው።

የጥምቀት በዓል እየተቃረበ ነበር። በዚያ ሰሞን ሽሮ ሜዳ ላይ የአገር ልብስ የሚሸጥ ሰው ምሳ መብሊያ ጊዜ እንኳ አያገኝም። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ግን ገበያው በደመቀበት ቀን ሱቃቸውን ቆልፈው፣ ጎረቤታቸውን ወይዘሮ ጽጌረዳን አስከትለው፣ አዲሱ ገበያ አካባቢ ወዳለ አንድ አዳራሽ ሄዱ። የጋበዛቸው ኤርሚያስ ነው። ኤርሚያስ ከኖህ ጋር አብሮ ኳስ የተጫወተ የሰፈር ልጅ ሲሆን፣ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወጥቶ እዚህም እዚያም ሲሞክር ከቆየ በኋላ በቅርቡ ሱፍ ልብስ መልበስ ጀምሯል። ስልኩ አያርፍም። ሲናገር ሰው ያስቆማል።

አዳራሹ ውስጥ ሙዚቃው ያደነቁራል። ወጣቶች ተራ በተራ መድረክ ላይ እየወጡ፣ አምና ምን እንደነበሩ፣ ዘንድሮ ምን እንደሆኑ ይናገራሉ፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ስብሰባውን የጠራው ድርጅት የሚሸጠው ለመገጣጠሚያም፣ ለኩላሊትም፣ ለጭንቀትም ይሆናል የተባለ ዱቄት ነው። ሆኖም ስለ ዱቄቱ ብዙ አልተወራም። ብዙ የተወራው ስለ መኪና፣ ስለ ቤትና ከሥር ስለሚገቡ ሰዎች ነው። ለመግባት የመመዝገቢያ ገንዘብ ይከፈላል፤ የገባ ሰው ሌሎች ሰዎችን ያስገባል፤ እነዚያም ሌሎችን ያስገባሉ፤ ከእያንዳንዱ ድርሻ ይመጣል።

ሲወጡ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ጆሯቸው እየጮኸ፣ ልባቸው እየመታ ነበር።

«እትዬ ሙሉ፣ ኖህ እኮ ጭንቅላት ነው!» አለ ኤርሚያስ አጠገባቸው እየተራመደ። «እንደ እሱ የተማረ ሰው ከገባ በስድስት ወር መሪ ይሆናል። እዚያ ሆስፒታል ቁጭ ብሎ ምን ያገኛል? እርስዎ ብቻ እሺ ያሰኙልኝ።»

«ለኔ ተወው። በዓሉ ይለፍ እንጂ ሥራውን ይለቃል። የጥምቀት ሽያጬንም ለመመዝገቢያው አደርገዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ሙሉእመቤት።

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ነው ከመንገዱ ማዶ ካለው ጤና ጣቢያ በር ላይ አንድ ፒካፕ የቆመው። ሰማያዊ ቱታ የለበሱ ሁለት ሰዎች ከኋላው ዘለው ወረዱና አንድ ከባድ ማሽን ተጋግዘው ማውረድ ጀመሩ። የአንደኛው ቱታ ጉልበቱ ላይ ጥቁር ነው፤ ጸጉሩም አቧራ ጠጥቷል።

«ሙልዬ፣ ያ ኖህ አይደለም እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ጽጌረዳ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው።

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ለአምስት ዓመት ያህል ለሰፈሩ ሲናገሩ የኖሩት «ልጄ ኢንጂነር ነው፤ ሆስፒታል ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው» እያሉ ነው። አሁን አጠገባቸው ኤርሚያስ በሱፉ ቆሟል።

«ኧረ አይደለም። ኖህ ቢሮ ነው» አሉ፤ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን አዞሩ።

ጥቂት ተራምደው መለስ ብለው ሲያዩ፣ ኖህ ማሽኑን ደረቱ ላይ እንደደገፈ ቆሞ እሳቸውን ያያል። ከዚያ ጓደኛው ጠራው መሰል፣ ዞሮ ወደ ውስጥ ገባ።

ድህነት ብዙ ነገር ሊያስደርግ ይችላል፤ ያን ቀን ግን ወይዘሮ ሙሉእመቤትን ልጃቸውን ያስካዳቸው ድህነት አልነበረም። ከሁለት ሰዓት በፊት ያልነበራቸው፣ አዳራሽ ውስጥ የተቀበሉት ትልቅ ተስፋ ነው። ያልጨበጡት ሀብት የጨበጡትን ልጅ ከዓይናቸው ሰወረባቸው።

ማታ ኖህ እንደ ወትሮው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማው ተወልውሎ ገባ። ራት ቀረበለት፤ በላ። ምንም አላለም። በማግስቱም ምንም አላለም። የሱ ዝምታ እሳቸውን መቀመጫ አሳጣቸው። ሱቅ ሄደው ሳይቆዩ ይመለሳሉ፤ ቤት ገብተው ደግሞ ይወጣሉ። ለደንበኛ ቀሚስ ሲሰጡ ሌላ ሰው ያዘዘው ሆኖ ይገኛል። ጥለት የሚሠራላቸው ሸማኔ፣ አቶ ቦና፣ ያመጣውን ነጠላ ዘርግቶ «እትዬ፣ ምነው አያዩትም?» ቢላቸው፣ «አየሁት አየሁት» ይሉና ሳያዩ ያጥፉታል። በዚህ መሐል ኤርሚያስ ይደውላል። «ነገሩት?» ይላል። «ልነግረው ነው» ይላሉ።

ጥምቀት አለፈ። በሚቀጥለው እሑድ እናትና ልጅ እንጦጦ ማርያም አስቀደሱ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ኖህ ታክሲ ሊይዝ ሲል ወይዘሮ ሙሉእመቤት እጁን ያዙት።

«በእግር እንውረድ።»

«ጉልበትሽስ?»

«ቀስ ብለን።»

ቁልቁለቱን ጀመሩ። የባሕር ዛፉ ሽታ፣ ለሽርሽር የመጡ ሰዎች መኪና፣ ዳገቱን እየተነፈሱ የሚወጡ ሯጮች፤ ወይዘሮ ሙሉእመቤት አንዱንም ልብ አላሉም። ሦስት ጊዜ አፋቸውን ከፍተው ሦስት ጊዜ ዘጉት። በመጨረሻ፣

«ኖህ» አሉ።

«አቤት እማዬ።»

«ያን ቀን... አይተኸኛል አይደል?»

«አይቼሻለሁ» አለ ኖህ።

«እኔም አይቼህ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጣህም? ለምን አትወቅሰኝም? ዝም ስትለኝ እኮ ሊገድለኝ ነው!»

«ምን ብዬ ልውቀስሽ?» አለ ኖህ፤ ድምፁ ዝግ ያለ ነበር። «እኔ ሁልጊዜ ከሥራ ስወጣ ቱታዬን አውልቄ፣ ሸሚዜን ለብሼ፣ ጫማዬን ጠርጌ ነው ሰፈር የምገባው። ለማን ብዬ ይመስልሻል? አንቺ አንድ ቀን ሸሸግሽኝ፤ እኔ ራሴን በየቀኑ ስሸሽግ ነው የከረምኩት።»

ይህ ወይዘሮ ሙሉእመቤትን ሊያጽናናቸው ሲገባ ጭራሽ እሳት አደረጋቸው።

«እንግዲያውስ የሚያሳፍር ሥራ መሆኑን አንተም ታውቃለህ ማለት ነው! ምን ያስጨንቅሃል? ተወው! ኤርሚያስ ቦታ ይዞልሃል። እኔም ቃል ገብቼለታለሁ።»

«ሥራው አላሳፈረኝም፣ እማዬ። የተበላሸ የኦክስጅን ማሽን ጠግኜ፣ በማግስቱ ስሄድ ሕፃን ተኝቶበት ሳይ የሚሰማኝን ደስታ ለማንም አልሰጥም። ያሳፈረኝ ሥራው ከነገርኩሽ ጋር አለመግጠሙ ነው። ስመረቅ ምን አልኩሽ?»

«በሁለት ዓመት ቤት እሠራልሻለሁ አልከኝ። ሱቁን ዘግተሽ ትቀመጫለሽ አልከኝ።»

«አየሽ።»

«እኔም አምኜ ለሰው ሁሉ አወራሁ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ተማሪ ሳለን ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናወራው። ዲግሪውን ይዘን ስንወጣ ሰው መኪና አስነስቶ የሚጠብቀን ነበር የሚመስለን። ጀማሪ ቴክኒሻን ማሽን እንደሚሸከም፣ ደሞዙ ምን ያህል እንደሆነ፣ ለማደግ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ያንን ቃል አልገባልሽም ነበር።»

ወይዘሮ ሙሉእመቤት በዚህ የሚረቱ ሴት አይደሉም። ሱቃቸው ውስጥ ዋጋ ሲከራከሩ የኖሩ ናቸው፤ ልጃቸውንም የተከራከሩት እንደዚያው ነው።

«እሺ፣ አሁን እኔ ልጠይቅህ፤ አንተም ዓይኔን አይተህ መልስ። ደሞዝህ ከወር ወር ያደርስሃል?»

«አያደርሰኝም።»

«ያለንበት የቀበሌ ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል?»

«ያፈሳል።»

«ኤርሚያስ ካንተ በላይ ተምሯል?»

«አልተማረም።»

«ግን እናቱን በመኪና ቤተ ክርስቲያን ያመጣታል።»

«መኪናው የራሱ ነው?»

«የማንም ይሁን! እናቱ ተቀምጣበታለች» አሉ ወይዘሮ ሙሉእመቤት፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «ትዕግሥት ትለኛለህ። ትዕግሥት እኮ ዕድሜ ላለው ነው። እኔ ጠዋት ስነሳ ጉልበቴን ይዤ ነው የምነሳው። አንተ ‹ቀስ በቀስ› ስትል እኔ የት እሆናለሁ? ቤቱን ስትሠራ ማን ይገባበታል?»

ኖህ ቆመ። ይህን ክርክር ቀድሞ አላሰበበትም ነበር። የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ዕቅድና ስለ ጊዜ ሲናገር፣ የሚሰማው ሰው የቀረው ጊዜ ከራሱ ጊዜ እኩል ይመስለዋል። ኖህ ግን ልብ ያለው ልጅ ስለነበረ፣ የእናቱን ጥያቄ አድበስብሶ ለማለፍ አልሞከረም።

«እውነትሽን ነው» አለ። «ደሞዙ ይበቃል ብልሽ እዋሻለሁ። ቶሎ ይበቃል ብልሽም እዋሻለሁ። ግን እማዬ፣ ስለ አዳራሹና ስለ ዱቄቱ ሰፈር ውስጥ ሲወራ ሰምቻለሁ፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንደ እናቴ ሳይሆን እንደ ነጋዴ መልሺልኝ።»

«ጠይቅ።»

«አዳራሹ ሞልቶ ነበር?»

«መቆሚያ አልነበረም።»

«ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ፣ ‹ወገቤን አሞኛል፣ ያንን ዱቄት ስጡኝ› ብሎ የመጣ ስንት ነበር?»

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ከፊታቸው ተቀምጣ የነበረችው ቀይ ሹራብ የለበሰች ሴት ትዝ አለቻቸው፤ የጠየቀችው «ስንት ሰው ካስገባሁ ነው ድርሻዬ የሚጨምረው?» ብላ ነው። ከጎናቸው የነበሩት ጡረተኛ ሰውዬ የጠየቁት ስለ መኪናው ነው። ወይዘሮ ጽጌረዳ የጠየቁት ባልና ሚስት ለየብቻ መመዝገብ ይችሉ እንደሆነ ነው። ስለ ወገብ የጠየቀ አልነበረም። የዱቄቱን ጣዕም እንኳ የጠየቀ አልነበረም።

ሌላ ነገርም ታያቸው። በሳቸው ሱቅ ሙሽራ ትመጣለች፤ ቀሚሷን መርጣ፣ ተከራክራ፣ ከፍላ ትሄዳለች፤ ለብሳው ትዳራለች። ክርስትና ያላት እናት ትመጣለች፤ ገዝታ ትሄዳለች። ሁሉም የሚፈልገውን ይዞ ይሄዳል። አዳራሹ ውስጥ ግን የገዛ ሰው አይሄድም፤ እዚያው ቆሞ ሌላ ይጠራል።

«ሁላችንም ሻጮች ነበርን» አሉ ቀስ ብለው፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል ነበር። «ገዢ አልነበረም።»

«ገዢ ከሌለ መድረክ ላይ የወጣው ልጅ ገንዘቡን ከየት አመጣው?»

«ከሚገባው ሰው መመዝገቢያ ይሆናል።»

«የመጨረሻው የገባውስ?»

በሐሳባቸው እሳቸው ሊያስገቧቸው የነበሩትን ሰዎች እያዩ ነበር። መጀመሪያ ሊነግሩት ያሰቡት አቶ ቦናን ነው፤ በቃላቸው አምኖ ክር በዱቤ ገዝቶ የሚሠራላቸውን ሰው። ከዚያ የማኅበር ጓደኞቻቸውን። ከዚያ ደንበኞቻቸውን። ሀያ ዓመት ሙሉ ‹እትዬ ሙሉ አይዋሹም› ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ሊሸጡ ነበር ማለት ነው። ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

በዚህ ጊዜ ከታች አራት ሯጮች ተከታትለው እየወጡ መጡ። ሲያልፏቸው ትንፋሻቸው ይሰማል። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ዘወር ብለው አዩዋቸውና ክርክሩን እንደ አዲስ ጀመሩ። ሰው የሚወደውን ሐሳብ በአንድ ጊዜ አይለቅም።

«እነዚህስ? እነዚህም እኮ ሀብት ነው የሚያሯሩጣቸው። ውጭ አገር ሮጠው፣ አሸንፈው፣ ፎቅ ሊሠሩ። ሞኞች ናቸው ልትለኝ ነው?»

«አይደሉም።»

«ታዲያ የኔ ሕልም ምን ተለየ?»

«እነሱ ባያሸንፉ እንኳ እግርና ሳንባ ይተርፋቸዋል። ደግሞ ብልጥ የሆነው ከሩጫው ጎን ይማራል፤ ወይ ሥራ አለው። እኔ ትልቅ ሕልም አልፈራም፣ እማዬ። የምፈራው ነገ ጠዋት ተነሥቼ ምን እንደምሠራ የማይነግረኝን ሕልም ነው። የሯጩ ሕልም ‹ነገ ተነሥተህ ሩጥ› ይለዋል። የኤርሚያስ ሕልም ግን ‹ነገ ተነሥተህ ሰው ፈልግ› ነው የሚለው።»

«ያንተስ? ያንተ ሕልም ነገ ጠዋት ምን አድርግ ይልሃል?»

ኖህ ይህን ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነው። እናቱ ስለ ሥራው ጠይቀውት አያውቁም፤ እሱም ነግሯቸው አያውቅም። አሁን መናገር ሲጀምር እጁ ሁሉ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ሆስፒታሉ የራጅ ማሽን ጥገና ሥልጠና ሊሰጥ ነው፤ ተመዝግቤያለሁ። ያንን የሚችል ሰው ጥቂት ነው። እሱን ስጨርስ ቅዳሜ ቅዳሜ የግል ክሊኒኮችን ማሽን በውል እከታተላለሁ፤ ሁለቱ ከአሁኑ ጠይቀውኛል። ያ ገቢ ለጣሪያው ይሆናል። ከዚያ ልምዴ ሲሞላ ፈቃድ አወጣለሁ። አምስት ዓመት፣ ምናልባትም ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ ትንሽ የጥገና ሱቅ እከፍታለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ደህና እንኖራለን።»

«ሀብታምስ?»

ኖህ እናቱን አያቸው። ሊያስደስታቸው የሚችል ቃል አፉ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ እንዲያ ያለ ቃል ሰጥቷቸው የሆነውን አይቷል።

«ሀብታም ላልሆን እችላለሁ፣ እማዬ» አለ።

ወይዘሮ ሙሉእመቤት መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸው መሬት ነካ፤ አላነሱትም። ሰው ሲሞት ይለቀሳል፤ ሰው በልቡ የሠራው ቤት ሲፈርስ ግን የሚደርስ ለቀስተኛ የለም። እሳቸው ያንን ቤት ለዓመታት ሲሠሩት ኖረዋል። በረንዳው አለ፤ የብረት በሩ አለ፤ እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጥበት ሳሎን አለ። አሁን ልጃቸው በገዛ አፉ ያንን ቤት አልሰጥሽም አላቸው። ከኤርሚያስ ጣፋጭ ንግግር ይልቅ ይህ መራራ ቃል እውነት መሆኑን ያወቁት ግን እዚያው ድንጋይ ላይ ነው፤ ኤርሚያስ አንድም ቀን «ላልሆን እችላለሁ» ብሏቸው አያውቅምና።

«ጨርሼው ነበር እኮ» አሉ። «ቤቱን በልቤ ጨርሼው ነበር። መጋረጃውን ሳይቀር መርጫለሁ።»

«ምን ዓይነት ነው?»

«ነጭ። ጥለቱ አረንጓዴ።»

ኖህ አጠገባቸው ተቀመጠ። «አሁን ላለንበት ቤት መስኮትም ይሆናል እኮ» አለ።

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ሊቆጡ ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ያፈሩበትን፣ የካዱበትን፣ የደከሙበትን ሁሉ አለቀሱ። ኖህ ትከሻቸውን ያዘ። ሲበቃቸው ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡ።

«እሺ» አሉ። «ሙሉ በሙሉ አሳምነኸኛል አልልህም። ልቤ ገና ይቸኩላል። ግን ሁለት ነገር አድርግልኝ። የምታስበውን ንገረኝ፤ መልካሙንም ክፉውንም። ሌላው፣ ከሥራ ስትመጣ ልብስህን አትቀይር።»

«እሺ እማዬ።»

በማግስቱ ኤርሚያስ ሱቅ ድረስ መጣ። በተንጠለጠሉት ቀሚሶች መሐል ጎንበስ ብሎ ገብቶ፣ «እትዬ ሙሉ፣ እንዴት አደሩ? ዛሬ ነው የምንጨርሰው አይደል?» አለ።

«ደህና ነኝ ልጄ። ኖህ አይገባም። እኔም አልገባም።»

የኤርሚያስ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም። «ፈርቶ ነው። የተማረ ሰው ይፈራል። እርስዎ ግን የልጅዎን ዕድል በገዛ እጅዎ እየዘጉበት ነው። የዛሬ ዓመት እኔን ሲያዩኝ ይጸጸታሉ።»

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ልባቸው ድንግጥ አለ። ቢሆንስ? ብለው አሰቡ። ግን ጠየቁት፦

«ኤርሚያስ፣ እኔና አንተ ብቻ ነን። ዱቄቱን ራስህ ትወስደዋለህ?»

«እኔ?» አለና ሳቀ። «እትዬ ሙሉ፣ እሱን ይተዉት!»

ስልኩ ጠራ። እያነሣው፣ በሌላ እጁ እየተሰናበተ ወጣ። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ከኋላው ሲያዩት ልጁ አሳዘናቸው። እሱም የአንዲት እናት ልጅ ነው፤ እሱንም የሚያሯሩጠው ቤት አለ። ሊጠሩትና ሌላ ነገር ሊሉት ፈልገው ነበር፤ ሰው መሐል ገብቶ ጠፋባቸው።

ወይዘሮ ጽጌረዳ ምክር አልሰሙም፤ ገቡ። የዱቄቱ ካርቶን እስካሁን ሱቃቸው ጥግ ተደርድሯል፤ ያስገቧት አንዲት ዘመዳቸውም አኩርፋቸዋለች። ኤርሚያስ ደግሞ ዱቄቱን ትቶ በስልክ የሚነገድ ሌላ ነገር ጀምሯል፤ ከዚያ ወደ መሬት ድለላ ይገባል ይባላል። አልከሰረም፤ አልከበረምም። ሲያገኙት ወሬው ሁልጊዜ ስለ ነገ ነው።

እናትና ልጅ ጋ ግን ነገሮች መልክ እየያዙ ሄዱ። ኖህ የራጅ ሥልጠናውን ጨረሰ። በቱታው ሰፈር መግባት ሲጀምር መጀመሪያ ሰዎች አዩት፤ በሳምንቱ ማየታቸውን ተዉ፤ በወሩ «ኖህ፣ የእናቴ የስኳር መለኪያ አልሠራ አለኝ፣ እስቲ እየው» ማለት ጀመሩ። ቅዳሜ በክሊኒኮች የሚሠራው ሥራ ጣሪያውን አስቀየረ። ወይዘሮ ሙሉእመቤትም የበዓል ሽያጫቸውን ለአቶ ቦና ክር መግዣ አዋሉት፤ ሸማኔው ያለ ጥድፊያ ስለሠራ ቀሚሱ አምሮ ወጣ፤ ደንበኛም ጨመረ። ከሁሉ በላይ ግን ቤቱ ውስጥ ውሸት ቀነሰ። የሚያገኙትን ያውቃሉ፤ የማያገኙትንም ያውቃሉ። ከሚያገኙት ጋር ሲተያይ ወጪያቸው ልክ ያዘ፤ የሰው መኪና ሲያልፍ አንገታቸው መዞር ተወ። ሰው የሚደርስበትን ሲያውቅ የሚያልመው እንዳያንስ የሚፈሩ አሉ። እነዚህ ሁለቱ ግን እንዲያውም የበለጠ አለሙ፤ አሁን የሚያልሙት የሚሠራ ነገር ስለሆነ።

እንዲህም ሆኖ ልብ ልብ ነው። በሁለተኛው ዓመት፣ ፋሲካ ሊደርስ ሲል፣ ኖህ በእኩለ ቀን ከሥራ በቀጥታ ሱቅ እየሮጠ መጣ። ዓይኑ ያበራል። መቀመጫ ቢሰጡት አልተቀመጠም።

«እማዬ፣ አብሮኝ የተማረ ሙንዲር የሚባል ልጅ አለ። ያገለገሉ የሆስፒታል ማሽኖች ከውጭ እናስመጣ አለኝ። እኔ እጠግናለሁ፣ እሱ ይሸጣል። ሥራችንን ለቀን ያለንን ሁሉ ብናወጣበት በዓመት ውስጥ የራሳችን ድርጅት ይኖረናል! ቶሎ መወሰን አለብን፣ ሌሎች ሳይቀድሙን።»

ወይዘሮ ሙሉእመቤት የሚያጣጥፉትን ቀሚስ ሳያስቀምጡ፣ «ገዢው ማን ነው?» አሉ።

«ክሊኒኮች ናቸዋ። ሁሉም ይፈልጋሉ።»

«እኔ ‹ሁሉም› ለሚባል ሰው ቀሚስ ሸጬ አላውቅም። በስሙ ንገረኝ። ‹አምጣልኝ፣ እገዛሃለሁ› ያለህ ማን ነው?»

ኖህ ጸጉሩን አሸ። «አንድ አለ። ቁስቋም አካባቢ ያለው ክሊኒክ አልትራሳውንድ ይፈልጋል።»

«እንግዲያው ለእሱ አንድ አምጡለት። ሥራህን ሳትለቅ።»

«እማዬ፣ አንድማ ምን ይሆናል? ዕድሉ ያልፋል እኮ! አንቺ አታውቂውም...»

«አላውቀውም? እኔ?»

ኖህ ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ። ግን አሁንም መቀመጥ አልቻለም፤ በሱቁ በር ወደ መንገዱ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ስልኩን ያያል፣ ደግሞ ይወጣል። ወይዘሮ ሙሉእመቤት እያዩት አዘኑለትም፤ ደስም አላቸው። ያ እሳት በልጃቸው ውስጥ መኖሩን ወደዱት። የሚያቃጥለው እንዳይሆን ብቻ ነው የሚፈልጉት።

በዚህ መሐል አንዲት እናት ልትዳር የደረሰች ልጇን ይዛ ገባች፤ ረጅም ጥለት ያለው ጨርቅ ጠየቀች። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ከመደርደሪያው አወረዱና ዘረጉት። ለአንድ ሰው ይረዝማል።

«ና ኖህ» አሉ። «ጫፉን ያዝልኝ፣ ልለካ።»

«ለሙንዲር ምን ልበለው?»

«መጀመሪያ ያዝልኝ።»

ኖህ ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ እጁን በቱታው ላይ ጠርጎ የጨርቁን ጫፍ ያዘ።